ከዋግ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ዘመድ ለመጠየቅ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የጉዞ ዝግጅት

የበረራው ቀን እንደታወቀ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዋግ ውስጥ፣ ሰቆጣ ከተማ፣ ደሃና፣ ጋዝጊብላ ወይም ዝቋላ ሆነው እናትዎን፣ አባትዎን ወይም አያትዎን ወደ ባሕር ማዶ የሚሸኙ ከሆነ ይህ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ሰው ይልቅ እርስዎን ይመለከታል። የጤና ደንብ የሚያወጡ መንግሥታት በሐሳባቸው የሚይዙት ከአውሮፕላን ማረፊያው በታክሲ የሚደርስ ተጓዥ ነው። «የምርመራው ናሙና ከበረራው በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ የተወሰደ ይሁን» ብለው ሲጽፉ ከሰቆጣ እስከ ቦሌ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መኖሩን፣ አውቶቡስ ሲመሽ ቆሞ እንደሚያድር፣ ክረምት ላይ ጎርፍና ጭቃ እንደሚያዘገይ አያውቁም። ሰዓቱን ከመንገዱ ጋር ማስታረቅ የእርስዎ ድርሻ ነው።

በየቤተሰቡ «ወረቀቱን እሱ ያውቃል» የሚባል አንድ ልጅ ወይም የወንድም ልጅ አለ። ይህ መመሪያ ለዚያ ሰው የተጻፈ ነው። የሚጠሩት ብዙውን ጊዜ አረጋውያን ናቸው፤ ልጅ ስትወልድ አራሷን ሊያበረቱ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ አንዳንዴም የታመመ ሊያስታምሙ ወይም ሐዘን ሊቀመጡ ይጠራሉ። ለኮቪድ ይጠየቅ የነበረው ወረቀት ዛሬ ከአብዛኛዎቹ ድንበሮች ላይ ተነሥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም የኮቪድን ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ አዋጅ በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶታል። ሆኖም ኤምፖክስ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሞያሌ ላይ፣ ማርበርግ ደግሞ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ መገኘታቸው ተነግሯል። ደንብ ሲመለስ በአንድ ሌሊት ስለሚመለስ ዝግጅቱን ማወቅ ያለብን ዛሬ ነው።

ደንቡ እንዴት እንደሚለዋወጥ

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ዐሥር ቀን ብቻ ቆይቶ፣ መጋቢት 14፣ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ ለ14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተደረገ፤ የየብስ ድንበሮችም ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና በግማሽ ሰው እንዲጭን ሆነ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። በኋላ ደንቡ እየላላ ሄዶ፣ ወደ አገር የሚገባ ሰው ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር ውጤት ይዞ እንዲመጣ ተፈቀደ። ክትባቱ አገራችን ውስጥ መሰጠት የጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው።

ወዲያ ማዶ ያለው ደንብ ደግሞ በየወሩ ይቀያየር ነበር። አሜሪካ ከጥር 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከበረራ በፊት በሦስት ቀን ውስጥ የተደረገ ምርመራ ጠየቀች። ከጥቅምት 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዜጋዋ ያልሆነ ጎብኚ የተከተበ እንዲሆን አዘዘች። ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. የምርመራውን ጊዜ ወደ አንድ ቀን አሳጠረችው። የምርመራው ግዴታ የተነሣው ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን የክትባቱ ግን እስከ ግንቦት 2015 ዓ.ም. ቆየ። እንግሊዝ በበኩሏ መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን «ቀይ መዝገብ» ውስጥ ከተተች። ቀይ መዝገብ ማለት ዜጋዋ ወይም ነዋሪዋ ያልሆነ ሰው ከዚህ ተነሥቶ በቀጥታ አይገባም ማለት ነበር፤ ነዋሪ የሆነውም በሆቴል ለዐሥር ቀን ሲዘጋበት መጀመሪያ 1,750 ፓውንድ፣ ኋላም 2,285 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛን አገደች።

ይህን ሁሉ ቀን የምዘረዝረው ለታሪክ ብቻ አይደለም። በሽታው ምንም ይሁን ምን፣ ደንቡ የሚወርደው በአራት መንገድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል፤ ማን መግባት ይችላል? ምን ምርመራ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ? የትኛው ክትባት? ሲደርሱ ተለይቶ መቆየት አለ ወይ፣ ወጪውስ የማን ነው? ወረርሽኝ በተነገረ ቁጥር እነዚህን አራት ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠይቁ። የመጀመሪያው መልስ «አይችልም» ከሆነ የቀሩት ሦስቱ ገንዘብ ማባከኛ ናቸው።

መልሱን ደግሞ ከሁለት ቦታ ይውሰዱ፤ ከሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ወይም ጤና ሚኒስቴር እና ቲኬት ከቆረጡበት አየር መንገድ። ቦሌ ቆጣሪው ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ የምታየው «ታይማቲክ» የሚባለውን የአየር መንገዶች የጋራ የደንብ ማኅደር ነው፤ እዚያ ላይ ያልተሟላ ነገር ካለ ልጅዎ ከዋሽንግተን ቢደውልም ቢያለቅስም አታሳፍርም። መሸጋገሪያ አገር ካለ የእሱንም ይጠይቁ፤ ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚያርፉበት አገርም የራሱ ደንብ ይኖረዋል። በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዞረውን፣ ደላላ የሚያወራውን ግን እንደ ወሬ ይስሙት።

መሄድ ይገባቸዋል ወይ?

ወረርሽኝ በተቀጣጠለበት ሰሞን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸውን አዛውንት መላክ ከወረቀት በፊት የሚመለስ ጥያቄ አለበት። ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ይዘዋቸው ይሂዱና በግልጽ ይጠይቁ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ባለ ሰሞን ልጁ ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ወጣቱ ከተከተበና ከተመረመረ ወጥቶ መግባት ይችላል፤ እናት ግን በሰው አገር ተለይተው ቢቀመጡ፣ ቢታመሙ፣ ቋንቋውን አያውቁ፣ ምግቡ አይስማማቸው። መሄዳቸው ከተቆረጠ ደግሞ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ይጣሩ። ሁለት ዘመዳሞች አብረው ቢሄዱ አንዱ ለአንዱ ዓይንና ጆሮ ይሆናል።

ዝምድናውን በወረቀት ያስተካክሉ

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ቆየት እላለሁ። እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ያሳደገች አክስት እናት ናት፤ የአባት ወንድም አባት ነው። ይህ አክብሮታችን ነው፤ ማንም እንድንተወው አይጠይቅም። የቪዛ ቅጽ ላይ ሲሞላ ግን ሌላ ነገር ነው። የአክስትዎን ልጅ «ወንድሜ» ብለው ካስሞሉና በቃለ መጠይቁ ላይ «የእናታችሁ ስም ማን ነው?» ተብሎ መልሱ ሁለት ከሆነ፣ ውሸት ያልነበረው ውሸት ይሆናል፤ ማመልከቻውም ይወድቃል። ቅጹ ላይ የሚጻፈው በደም ወይም በሕግ ያለው ትክክለኛ ዝምድና ነው። አሳዳጊ አክስት ከሆነች «አክስት፣ ያሳደገችኝ» ተብሎ በደብዳቤ ይብራራል።

በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ልዩነት በሩን ራሱን ይወስናል። ካናዳ ድንበሯን በዘጋችበት ወቅት መጀመሪያ ያስገባችው የቅርብ ቤተሰብን፣ ማለትም የትዳር ጓደኛን፣ ጥገኛ ልጅንና ወላጅን ነበር። ከመስከረም 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ፣ ወንድምና እህት በተለየ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲገቡ ፈቀደች፤ ዝምድናውን የሚያረጋግጥ የተፈረመ ቃለ መሐላም ጠየቀች። አጎት፣ አክስትና የአጎት ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። የእኛ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ የሕጉ ቤተሰብ ግን ጠባብ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣም እንዲህ ያለ ዝርዝር መውጣቱ ስለማይቀር፣ ጠሪው ልጅ ከመጥራቱ በፊት ዘመዱ የትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ ይጠይቅ።

ሌላው ችግር የስማችን አሠራር ነው። በውጭ አገር እናትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ይኖራቸዋል ተብሎ ይታሰባል። የእኛ እናት የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ትይዛለች፤ ልጇ ደግሞ የራሷን፣ የአባቷንና የአባቷን አባት። አንድም የሚገናኝ ቃል የለም። ስለዚህ የልጅቱን የልደት ማስረጃ የእናት ስም ያለበትን፣ ከሌለም ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚገኝ የዝምድና ማረጋገጫ አስቀድመው ያውጡ፤ በሕጋዊ ትርጉም ቤት ወደ እንግሊዝኛ ያስተርጉሙ። ፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ በፋይዳ መታወቂያው፣ በክትባት ካርዱ፣ በምርመራ ውጤቱ፣ በቲኬቱ። «ኃይለ» የሚለው በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ተጽፎ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይንቀውም። ናሙና ሲሰጡ ለላቦራቶሪው ሠራተኛ ስም በቃል አይንገሩ፤ ፓስፖርቱን ይስጡትና እያየ ይጻፍ።

ቀንና ሰዓት

አንድ የኮቪድ ክትባት ካርድ ያስቡ። የጤና ጣቢያው ነርስ «5/3/2014» ብሎ ጽፏል። ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2021። የውጭ አገር የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ሲያነበው ግን ማርች ወይም ሜይ 2014 ይሆናል፤ ክትባቱ ከመፈጠሩ ከስድስት ዓመት በፊት! ካርዱ ሐሰተኛ ነው ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ካርዱ ገና ሲጻፍ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲሰፍር፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስም እንዲጻፍ ይለምኑ፤ ማኅተሙም ይታይ። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፈረንጅ 1957 ወይም 1958 ናቸው፤ አንዱ ወረቀት ላይ 1957 ሌላው ላይ 1958 እንዳይሆን አንዴ ወስነው ከፓስፖርቱ ጋር ያስማሙት።

ሰዓቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቲኬት ላይ 22:30 ካለ ከምሽቱ 4:30 ነው። 00:40 ካለ ከሌሊቱ 6:40 ነው፤ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ «ማክሰኞ 00:40» ማለት እኛ ሰኞ ማታ ብለን የምንጠራው ሌሊት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ አንጠልጥሎ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የምርመራውም ሰዓት ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ 72 ሰዓቱ የሚቆጠረው ናሙናው ከአፍንጫ ከተወሰደበት ደቂቃ ነው ወይስ ውጤቱ ከወጣበት? አንዳንዱ አገር ከመነሻው በረራ፣ ሌላው ከመድረሻው ይቆጥራል። ይህን ሳያረጋግጡ ቀጠሮ አይያዙ። ካረጋገጡ በኋላ በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን አቆጣጠር ቀንና ሰዓት ጎን ለጎን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያየው።

ክትባትና ካርዱ

በሁሉም ወቅት የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ የሚሄድ ሰው ብዙ ቦታ ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በበረራው ዋዜማ መወጋት አይረዳም። አንዴ ከተወሰደ ግን ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌ ካርድ ላይ «ዐሥር ዓመት» ቢልም እንደገና አይወጉ። ይህ ክትባት ሕይወት ያለው ተሕዋስ ስላለበት 60 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች፣ ለነፍሰ ጡርና የበሽታ መከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ሐኪም አይቶ መወሰን አለበት። ካልተፈቀደላቸው ሐኪሙ የማይከተቡበትን ምክንያት በዓለም አቀፉ ካርድ ላይ ፈርሞና አትሞ ይስጣቸው፤ የሚሄዱበት አገር ይቀበለው እንደሆነም ከኤምባሲው ይጠይቁ። ዓለም አቀፉን ካርድ የመስጠት ፈቃድ ያለው የትኛው ተቋም እንደሆነ ደግሞ ከብሔረሰብ አስተዳደሩ ጤና መምሪያ ጠይቀው ይወቁ፤ አዲስ አበባ ላይ መውሰድ ግድ ከሆነ መነሻውን በዚያው ልክ ያስቀድሙ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱ ሙስሊም ወገኖቻችን የማጅራት ገትር ክትባትም ይጠየቃሉ።

ወረርሽኝ መጥቶ አዲስ ክትባት ሲሰጥ፣ የሚሄዱበት አገር የትኛውን ዓይነት እንደሚቀበል ከመወጋት በፊት ይጠይቁ። ለኮቪድ እኛ ዘንድ አስትራዜኔካ፣ ሲኖፋርም፣ ጆንሰንና ፋይዘር ተሰጥተዋል። አሜሪካ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቃቸውን ሁሉ ስትቀበል፣ እንግሊዝ ሲኖፋርምን መቀበል የጀመረችው ኅዳር 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ምርጫ ከሌለ ግን የተገኘውን ይውሰዱ፤ ክትባት ከሁሉ በፊት ለነፍስ ነው።

ወደ ኋላ ቆጠራው

አሁን ወደ መነሻው ነገር እንግባ። በረራው ቅዳሜ ምሽት ነው እንበል፤ ምርመራውም ከበረራው በፊት በሦስት ቀን ውስጥ የሚጠየቅ።

ከስድስት ወር በፊት ፓስፖርቱን ይመልከቱ። ብዙ አገሮች ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ገና ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። ለማደስ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ቀጠሮ ጊዜ ይወስዳል። የቪዛ ቀጠሮም እንዲሁ ወራት ሊጠይቅ ይችላል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቃለ መጠይቅ የሚገቡት ሰው ኽምጥኛ እንጂ አማርኛ የማይቀናቸው ከሆነ ይህን ቀጠሮው ሲያዝ ያስታውቁ፤ በቃለ መጠይቁ ቀን ማስረዳት ከባድ ነው። ሁለት ዙር የሚወሰድ ክትባት ካለ የመጀመሪያውን ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመው ያስወስዱ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ተጓዡ የዋለበትንና ያደረበትን ቦታ በቀን በቀን መመዝገብ ይጀምሩ። ማርበርግ ከተያዙበት ቀን አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 21 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ በሽታ ሲነሣ «ባለፉት 21 ቀናት የት ነበሩ?» የሚል ጥያቄ ቅጽ ላይ ይመጣል። ጂንካ የት፣ ሰቆጣ የት! ግን ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አይለይም፤ የእርስዎ ማስታወሻ ይለይለታል።

ሰኞ ንጋት ላይ ከሰቆጣ ይነሡ። ሁለት ቀን መንገድ፣ አንድ ቀን ትርፍ። ትርፉን ቀን አይቁረጡት፤ ድልድይ ይሰበራል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ይዘጋል። በዚህ ዘመን ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች መጠየቅ ግድ ነው። አቅም ካለ እስከ ላሊበላ በመኪና ሄዶ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መግባት አዛውንቱን ያሳርፋል፤ ያኔም ቢሆን ትርፉ ቀን ይኑር። ሐሙስ ጠዋት ናሙና ይሰጣል፤ ውጤቱ ዓርብ ይወጣል ብለው ያስቡ። ናሙናውን ሰቆጣ ሰጥቶ መምጣት አይታሰብ፤ ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ደንቡ አንድ ቀን ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ በዚያው አንድ ቀን ውስጥ ፈጣን ውጤት የሚሰጥ ላቦራቶሪ አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነስ? ቲኬቱ ሲቆረጥ ቀን መለወጥ የሚፈቅድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ተጓዡ የሚያርፍበትም የዘመድ ቤት ለሁለት ሳምንት ሊያስቀምጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው። ፖዘቲቭ የወጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ኔጌቲቭ ወረቀት ማሠራት ነውር ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ላይ መፍረድ ነው።

ዓርብ ማታ ወረቀቱ ሁሉ በሦስት ቅጂ ታትሞ ይቀመጥ፤ አንዱ በተጓዡ እጅ፣ አንዱ በሻንጣ፣ አንዱ በእርስዎ ዘንድ። ስልክ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ አይመኑ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ሲይዛት ስልክም መብራትም ባንክም ጠፋ፤ ከሐምሌ ማብቂያ 2015 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የታተመ ወረቀት ኔትዎርክ አይጠብቅም። ቅዳሜ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድመው ቦሌ ይገኙ፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሰልፉ ሁለት ነው።

ሻንጣው

ከዋግ የሚሄድ ሻንጣ ያለ ማር አይዘጋም። ማርና ቅቤ በአውሮፕላን ደንብ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፤ በእጅ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም፤ ስለዚህ በደንብ ታሽገው በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ። ወደ አውሮፓና እንግሊዝ እስከ 2 ኪሎ ማር ይገባል፤ ሥጋና የወተት ውጤት ግን አይገባም፤ ቋንጣውና ቅቤው እዚያው ይወረሳል። ወደ አሜሪካም ሥጋ አይግባ። በርበሬ፣ ሽሮና ማር ይዘው ሲሄዱ ቅጹ ላይ «ምግብ ይዣለሁ» ብለው ይናገሩ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል።

መድኃኒት ሁሉ በእጅ ቦርሳ፣ በራሱ እሽግ፣ ከሐኪም የእንግሊዝኛ ማዘዣ ጋር ይያዝ። መጠኑ ከሚቆዩበት ጊዜ በአንድ ወር ይብለጥ፤ በረራ ተሰርዞ ሰው በሰው አገር ለወራት ሲቆይ አይተናል። የጉዞ የጤና መድንም ይግዙ። ወደ ሼንገን አገሮች ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን ግዴታ ነው፤ አሜሪካ ግዴታ ባትለውም የጎብኚ የሆስፒታል ሂሳብ ጠሪውን ልጅ ለዓመታት ዕዳ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ፖሊሲው ወረርሽኝንና ነባር ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ቦሌና ከዚያ ወዲያ

ቲኬት ሲቆረጥ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ይጠየቅ፤ ነጻ ነው። እግራቸው ደህና ቢሆንም ቋንቋ ለማያውቁ አዛውንት ጥቅሙ ከመቀመጥ ያለፈ ነው፤ ከበር እስከ በር የሚመራ ሰው ያገኛሉ። በጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግብም ያኔውኑ ይጠየቅ።

አንገታቸው ላይ ወይም ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ካርድ ይኑር፤ በአንድ ፊት በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ። ስማቸው፣ የሚናገሩት ቋንቋ፣ ያለባቸው ሕመምና የሚወስዱት መድኃኒት፣ የሚሄዱበት ቤት ሙሉ አድራሻ፣ የተቀባዩ ሁለት ስልክ ቁጥር። ልጄ ያውቃል ብሎ መሄድ አይበቃም፤ አድራሻ የሚጠየቀው ልጁ ደጅ ላይ ከመታየቱ በፊት ነው።

ለኢሚግሬሽን ሠራተኛው የሚሰጠው መልስ አጭርና እውነት ይሁን፤ ማንን ልጠይቅ መጣሁ፣ ስንት ጊዜ እቆያለሁ፣ ምን ይዣለሁ። ከመነሣታቸው በፊት ሁለት ማታ እየጠየቁ ያለማምዷቸው፤ እንዲሸመድዱ ግን አያድርጉ። ትኩሳት ካለ አይደብቁ፤ መለኪያው ያወጣዋል፤ የደበቀ ሰው ደግሞ ከታመመ ሰው የባሰ ይጠረጠራል።

እዚያ ሲደርሱ ተለይቶ መቆየት ከታዘዘ፣ ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ እናት ለብቻቸው ክፍል ተቀምጠው ምግብ በበር ሲቀርብላቸው የተጠሉ ሊመስላቸው ይችላል። እኛ እንግዳ የምንቀበለው አቅፈን፣ ከአንድ ገበታ አቅርበን ነውና። ስለዚህ ምክንያቱ ገና ሰቆጣ ሳሉ፣ በሚያምኑት ሰው አፍ፣ ምናልባትም በነፍስ አባታቸው ወይም በሼኻቸው ይነገራቸው። ለራሳቸውም ለአራሷና ለሕፃኑም እንደሆነ ሲገባቸው ከወጣቱ በላይ ይታገሣሉ።

መመለሻው

የአሜሪካ ቪዛ ላይ ያለው ቀን የመግቢያ ቀነ ገደብ ነው፤ የሚቆዩበትን ቀን የሚወስነው ሲገቡ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ለሦስት ወር የሚያገለግል ነው፤ ስለዚህ ቪዛው እንደወጣ ቲኬቱን ማዘግየት አይገባም። እዚያ ከገቡ በኋላ ተቀባዩ ልጅ የመቆያ ፈቃዱን ከኢንተርኔት አውጥቶ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ለእርስዎ ይላክ። ወረርሽኝ ተነሥቶ በረራ ቢቋረጥ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት የማራዘሚያ ማመልከቻ ይግባ፤ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት ብዙም አይሰማም፤ ለሚቀጥለውም ጉዞ እንቅፋት ይሆናል።

ለሻደይ በዓል ነሐሴ ላይ ወደ ሰቆጣ የሚመጡ የባሕር ማዶ ዘመዶችም ይህንኑ ቆጠራ በተቃራኒው ይሥሩ፤ ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሚጠየቀውን፣ ከዚያም ወደ መጡበት ለመመለስ የሚጠየቀውን ለየብቻ። በዓሉን አክብሮ ዋግ ላይ የዋለ ሰው የመመለሻ ምርመራ ካለበት ከበረራው ቢያንስ አምስት ቀን ቀድሞ ከሰቆጣ ይነሣ።